ሳይሰማ የሚኖር ግፊት

ከከምባታዋ አንጋጫ በሆሳዕና በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ ቡታጅራን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። በኢትዮጵያ ገጠር የነርቭና የአንጎል ሕመም ምን ያህል ሰው እንደያዘ ቤት ለቤት ከተቆጠረባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ይኸው የቡታጅራ ዙሪያ፣ መስቃንና ማረቆ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎችን አሠልጥነው አሰማሩ፤ እነዚህ ሰዎች 60,820 ነዋሪዎችን አዳረሱ። ውጤቱ በ1990 ታተመ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ100,000 ሰው 520ው የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ 240ው ፖሊዮ ያሽመደመደው ነበር። ስትሮክ የመታው 15 ሰው ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር አይቶ «ስትሮክ የከተማ ሰው በሽታ ነው» ማለት ይቀላል፤ ብዙ ሰውም ዛሬ ድረስ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ግን ቤት ለቤት የሚዞር ቆጣሪ የሚያገኘው የተረፈውን ነው። በስትሮክ ወድቆ ሳይነሳ የቀረውን፣ ከሳምንት በኋላ የተቀበረውን አይቆጥርም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ዓመታት ይኖራል፣ መዝገብ ውስጥም ይገባል፤ በስትሮክ የሞተው ግን ለለቅሶ የመጣው ጎረቤት «ድንገት ነው» ብሎ ሸኝቶታል። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ ስትሮክ በብዛት የሚመጣበት ዕድሜ ላይ የሚደርሰው ሰው ከዛሬው ያነሰ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተሠራ፣ ለአንጋጫ ይበልጥ የሚቀርብ አንድ ጥናት አለ። በ2014 የታተመ ሲሆን የተሠራው የከምባታ መዲና በሆነችው በዱራሜ ነው። 31 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 518 ነዋሪዎች የደም ግፊታቸው ተለካ። 22.4 በመቶው ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው። ግፊት ከተገኘባቸው ውስጥ ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ነገሩን የሰሙት ያኔ፣ ለጥናቱ ክንዳቸውን ሲዘረጉ ነው። ጨው መጠቀም፣ አትክልት በሳምንት ከሦስት ቀን ሳያልፍ መብላት፣ ውፍረት፣ የዕድሜ መግፋትና ወንድነት ከግፊቱ ጋር አብረው ተገኝተዋል። ጎመን በየጓሮው በሚበቅልበት አገር አትክልት አነሰ መባሉ መቼም ያስገርማል።

ግፊትና ስትሮክ እንዴት ይገናኛሉ? አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ግን 20 በመቶውን ይወስዳል፣ የሚያጠራቅመው ስንቅም የለውም። ደም ለጥቂት ደቂቃ ሲቋረጥበት ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ። አንድ ትልቅ የአንጎል ደም ስር ተዘግቶ ሳይታከም ሲቀር በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋስ እንደሚጠፋ በ2006 የወጣ ስሌት ያሳያል። ስትሮክ የሚባለው ይህ መቋረጥ ነው፤ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው፣ በዓለም ላይ የሚበዛው፣ የረጋ ደም ወይም የጠበበ ደም ስር መንገዱን ሲዘጋ ነው። ሁለተኛው ደም ስሩ ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ ነው። ከፍተኛ ግፊት ለሁለቱም በር ይከፍታል። በአንጎል ጥልቅ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን ደም ስሮች ለዓመታት ከአቅማቸው በላይ ሲገፉ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ይደድራል፤ አንዳንዱ ይደፈናል፣ አንዳንዱ ሳስቶ ይቀደዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። ራስ ምታት ሲይዘው «ግፊቴ ተነሳ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ባለ ግፊት ግን ራሱንም አያመው፣ ዓይኑንም አያዞረው።

በ32 አገሮች ተሠርቶ በ2016 ዘ ላንሴት ላይ የወጣው ኢንተርስትሮክ የተባለ ጥናት ከ10 ስትሮክ ዘጠኙ ልንቀይራቸው ከምንችላቸው 10 ምክንያቶች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ሲጋራው፣ ስኳር በሽታው፣ መጠጡ፣ ያለ እንቅስቃሴ መቀመጡ ሁሉ አለበት። ከሁሉም በላይ የሚመዝነው ግን ግፊት ነው።

ስለ ስትሮክ ሕዝብን ወደሚያነቃው ዘመቻ እንምጣ። የዓለም የስትሮክ ቀን ጥቅምት 19 ገደማ ይውላል። በዚያ ቀን በየአገሩ የሚሰቀለው ፖስተር ዋና መልእክት በ1998 እንግሊዝ ውስጥ ለአምቡላንስ ሠራተኞች ተብሎ ከተዘጋጀው አጭር ምርመራ የመጣ ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት በ2009 በቴሌቪዥን ለሕዝብ አደረሰው። ነገሩ ቀላል ነው። ሰውየው ፈገግ ይበል፤ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተሳበ? ሁለት እጁን ዘርግቶ ዓይኑን ይጨፍን፤ አንዱ እጅ ወረደ? አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይድገም፤ ምላሱ ተሳሰረ፣ ቃሉ ጠፋው? ከሦስቱ አንዱ በድንገት ከታየ ሰዓት ተመልክቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

በአንጋጫ ገጠር ይህን ማወቅ የሚጠቅመው መጀመሪያ ከሌላ ማብራሪያ ስለሚያድን ነው። አፍ ሲጠም «ምች ነው» ይባላል፣ እጅ ሲከዳ «ነፋስ መታው» ይባላል፤ ዳማከሴ ይታሻል፣ «ትንሽ ይተኛና ይነሳል» ይባላል። ቀኑ እንዲሁ ያልፋል። ጸሎት የሚያደርግ ቤተሰብ ጸሎቱን መኪና ውስጥም ሊያደርገው ይችላል። የታመመው ሰው በጎኑ ይተኛ፤ መዋጥ መቻሉ ሳይታወቅ ውሃም፣ አጥሚትም፣ ክኒንም አይሰጠው፣ ትን ብሎት ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላልና። «ደም ያቀጥናል» ተብሎ የሚሰጠው አስፕሪን ደም እየፈሰሰበት ላለ አንጎል መርዝ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት አንድ ሰው ይያዝ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ነው።

የሚጠይቅበት ምክንያት አለው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በ1995 በወጣው የአሜሪካ ጥናት እስከ 3 ሰዓት፣ በ2008 በወጣው የአውሮፓ ጥናት ደግሞ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ እንደሚረዳ ተረጋግጧል። ከመስጠቱ በፊት ግን በሲቲ ስካን አንጎሉን ማየት ግድ ነው፤ የፈሰሰ ደም ካለ መድኃኒቱ ይገድላል። እንግዲህ ከአንጋጫ ቀበሌዎች በአንዱ ሌሊት የወደቀ ሰው ንጋት ላይ ይታያል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ መኪና ይፈለጋል፣ ጤና ጣቢያ ይደርሳል፣ ሪፈር ይጻፋል። ያቺ 4 ሰዓት ተኩል የምታልቀው መንገድ ላይ ነው። ይህ ማለት መሮጡ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ቶሎ የደረሰ ሰው ስኳሩ ይታያል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ መዋጥ መቻሉ ይፈተሻል፤ እነዚህ ብቻ ነፍስ ያተርፋሉ። ግን «ሩጡ» የሚለው መፈክር የተጻፈው የሚሮጡበት ቦታ ቅርብ ለሆነላቸው ሰዎች ነው። በእኔ ግምት የአንጋጫ ዘመቻ ጉልበቱን ማዋል ያለበት ስትሮኩ ከመምጣቱ 10 ዓመት በፊት ባለው ነገር ላይ ነው፤ ያም የግፊት መለኪያው ነው።

ይህ የድሃ አገር ማጽናኛ እንዳይመስል ጃፓንን እንይ። ከ1951 እስከ 1980 ድረስ የጃፓን ሕዝብ ቀዳሚ ገዳይ ስትሮክ ነበር። በሰሜኑ አኪታ ገበሬዎች ክረምቱን የሚያልፉት በጨው በተቀመጠ አትክልትና ዓሣ ስለነበር በቀን ከ20 ግራም በላይ ጨው ይበሉ ነበር። መንግሥትና ሐኪሞች ግፊት መለካትን የዓመት ልማድ አደረጉ፣ ግፊት የተገኘበትን አከሙ፣ ጨውን ተዋጉ። በናጋኖ ግዛት የሠለጠኑ የቤት እመቤቶች በጎረቤቶቻቸው ቤት እየዞሩ የሾርባውን ጨው ይለኩ ነበር። ከ1965 እስከ 1990 ባለው ጊዜ፣ የዕድሜ ልዩነት ታስቦ ሲሰላ፣ የስትሮክ ሞት መጠን በ80 በመቶ ያህል ቀነሰ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በጃፓን ለስትሮክ የተፈቀደው በ2005 ነው። ሥራው ያለ እሱ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው።

በናጋኖ ቤት ለቤት የዞሩት ሴቶች ለእኛም እንግዳ አይደሉም። ኢትዮጵያ በ2003 የጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድቧል፤ ክትባትን፣ የእናቶችን ክትትል፣ መጸዳጃ ቤትን ከእያንዳንዱ ቤት ጓዳ ያደረሱት እነሱ ናቸው። ግፊት መለካት ከዚህ ሥራ አይከብድም።

ከሁሉም ይልቅ ይህ አካባቢ የራሱ ትምህርት ቤት ነበረው። የከምባታዋ ተወላጅ ቦጋለች ገብሬ (ዶ/ር) በ1997 ከምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለውን ድርጅት ሲመሠርቱ በአካባቢው የሴት ልጅ ግርዛት ያልደረሰበት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። እሳቸው ፖስተር አልሰቀሉም። የማኅበረሰብ ውይይት ጀመሩ፤ ሽማግሌው፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሴቱ፣ ወጣቱ አንድ ላይ ተቀምጦ ለወራት፣ ለዓመታት ተነጋገረ። ግርዛቱ በአብዛኛው ቀረ፤ ቦጋለችም በ2013 የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት ተቀበሉ። በ2019 ሲያርፉ ያ የውይይት ዘዴ እዚያው ነበር። ስለ ግርዛት የተነጋገረ ሰፈር ስለ ግፊት ክኒን መነጋገር አያቅተውም።

የሚነጋገርበት ነገር ደግሞ ሞልቷል። ጨውን እንውሰድ። በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ኢትዮጵያዊ አዋቂ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው ይበላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንዲት የሻይ ማንኪያ፣ አትለፉ ይላል። ቆጮው ራሱ ችግር የለበትም። ጨው የሚገባው በዳጣው፣ በክትፎው፣ በወጡ፣ በጨው በሚጠጣው ቡና ነው። እዚህ ላይ ዘመቻው የሚጠነቀቅበት አንድ ነገር አለ፦ ለዓመታት «አዮዲን ያለው ጨው ብሉ» የተባለች እናት ዛሬ «ጨው ቀንሺ» ስትባል ግራ ትጋባለች። ሁለቱ አይጣሉም፤ ጨዉ አዮዲን ያለው ይሁን፣ መጠኑ ይነስ።

እንቅስቃሴን በተመለከተ በ2018 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የአዲስ አበባን አስፋልት ለእግረኛ ከፍቶ ነበር፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለአንጋጫ ገበሬ ግን ተራመድ ማለት ቀልድ ነው። አምባሪቾ ተራራ ላይ የተሠራውን 777 ደረጃ መውጣት የሚያስፈልገው ቢሮ የሚውለው ነው።

ወጣቶችም አልቀሩም። በእኛ አገር በሰላሳዎቹና ከዚያም ባነሰ ዕድሜ በስትሮክ የሚወድቅ ሰው ይታያል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ልብ ነው። ሕፃን ሆኖ ተደጋግሞ የያዘው የጉሮሮ ቁስለት ሳይታከም ሲቀር የሩማቲክ የልብ በሽታ ሊያስከትል ይችላል፤ በጠበበው የልብ በር ጀርባ ደም ይረጋል፣ የረጋው ተነስቶ አንጎል ይደርሳል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያስቀርም። ፔኒሲሊን ያስቀራል። ስለዚህ ስለ ስትሮክ የሚያስተምር ሰው ስለ ልጆች ቶንሲል ማውራቱ አይግረማችሁ።

ከባዱ ነገር ክኒኑ ነው። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ «አባባ፣ መድኃኒቱን ይውጣሉ?» ብትል የምትሰማው መልስ «አሁንማ ድኛለሁ ልጄ፣ ተውኩት» ነው። ምንም ያላመመውን ሰው በየቀኑ፣ ዕድሜ ልኩን ክኒን ዋጥ ማለት ከሰው ጠባይ ጋር መታገል ነው። ክኒኑ ግፊቱን የሚያወርደው በተዋጠበት ቀን ብቻ ነው፤ ሲተዉት ይመለሳል። በ2016 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው የላይኛው ቁጥር በ10 ሲወርድ የስትሮክ አደጋ በ27 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህን ቁጥር ለአባባ ከመንገር ይልቅ ክኒኑን ያልተወ የዕድር ጓደኛቸው ቢነግራቸው ይሰማሉ።

የዘመቻው ቀንም ቢቀየር ባይ ነኝ። ጥቅምት 19 ለአንጋጫ ምንም አይደለም። መስቀል ግን ሁሉም ነው፤ የከምባታው መሳላ፣ የሃዲያው ያሆዴ ሲደርስ ከአዲስ አበባ፣ ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። አባትና ልጅ አንድ ጎጆ ሥር የሚገኙት ያኔ ነው። ከደርባን ስልክ ይዞ የሚመጣ ልጅ በክንድ የሚታሰር ዲጂታል መለኪያ ቢጨምርበት ሻንጣው አይከብድም። አለካኩ፦ ቡናው ከመቀዳቱ በፊት፣ አምስት ደቂቃ ጀርባን ደግፎ ከተቀመጡ በኋላ፣ ክንዱ በልብ ትይዩ አርፎ፣ ያለ ወሬ፣ ሁለት ጊዜ። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ማረጋገጥ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ የታየ ቁጥር በሽተኛ አያደርግም።

ስትሮክ አንድ ጊዜ መትቶት የተረፈ ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ነገሩ አይዘገይም። የተረፈው ሰው ዳግም የመመታት አደጋው ከማንም ይበልጣል፤ የከዳው እጅና እግር በመጀመሪያዎቹ ወራት በየቀኑ ካልተንቀሳቀሰ ይጠነክራል፤ ግፊትም በቤተሰብ ይሄዳል። ስለዚህ እሱን ለማየት የሚመጡት ወንድሞቹ፣ እህቶቹና 30 የሞላቸው ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ክንዳቸውን ይዘርጉ።