የመመለሻ ሰዓት

ጫሞ ሐይቅ ዳር የማውቃቸው አንድ አረጋዊ ዓሣ አስጋሪ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ ዛሬ ይዘንባል?» ይሉኛል። እኔም «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ይመለሳሉ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። መልሴ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ማለዳ ጫሞ ጸጥ ይላል። ጀልባው አዞዎች ወደሚሰበሰቡበት ወደ አዞ ገበያ ሲያመራ ውኃው እምብዛም አይናወጥም። ፀሐይ ስትበረታ ግን የብሱ ከሐይቁ ፈጥኖ ይግላል፤ የጋለው አየር ሽቅብ ሲወጣ ነፋስ ይነሳል። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በስተምዕራብ ባለው ጉጌ ተራራ ላይ ደመናው ይጠቁራል። ዝናቡ ሐይቁ ዘንድ ሳይደርስ ከደመናው ሥር የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ ይቀድመዋል። ወደ ምዕራቡ ዳርቻ የሚመለስ ጀልባ ያንን ነፋስ በግንባሩ ይቀበላል፤ ያውም መረቡንና ዓሣውን ጭኖ፣ ቀዛፊው ደክሞት። «ይዘንባል» ብቻ ብላቸው ምንም አልነገርኳቸውም።

ባሕር ተሻግሮ ስለሚዘምት ጦር ሳነብም የሚታየኝ ይኸው የመመለሻ ሰዓት ነው። ጄኔራል ናፒየር ጦሩን ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ሲያራግፍ ሐሳቡ መቅደላ መድረስ ብቻ አልነበረም፤ ክረምቱ ወንዞቹን ሳይሞላ ወደ መርከቦቹ መመለስ ነበረበት። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ተያዘች። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ናፒየር ከዙላ ተሳፍሯል።

ከአየር ትንበያ የሙያ አጋሮቼ ሁሉ የማከብረው ግን ጄምስ ስታግን ነው። የኖርማንዲ ወረራ ለግንቦት 28 ቀን 1936 ዓ.ም. ታቅዶ ሳለ «አይሆንም» ብሎ ለዋና አዛዡ ለጄኔራል አይዘንሃወር የነገረው ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት ነበር። ጄኔራሉ ከሰማዩ ይልቅ እሱን አመነ። ኋላ ከምዕራብ አየርላንድ ብላክሶድ የመጣው የአየር ልኬት ማዕበሉ ለአጭር ጊዜ ጋብ እንደሚል አመለከተ፤ ጦሩም ግንቦት 29 ባሕሩን ተሻገረ። ያ ቀን ቢያመልጥ የባሕሩ ሙላት እንደገና የሚመቸው ሰኔ 12 አካባቢ ነበር። በዚያው ሰሞን የተነሳው ማዕበል አሜሪካውያኑ የተከሉትን ሰው ሠራሽ ወደብ አፈራርሶታል።

ጥርት ካለ ሰማይ በታች ቆሞ «ይቅር» ማለት ከባድ ነው። እኔንም በየማለዳው ይገጥመኛል።

ባለፈው ሳምንት «እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ወደ ጉጌ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ፤ አንዲት ደመና አልነበረችም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሁለቱ መረቦች አንዱን ከጀልባው አወረዱ።