ሥራ አጥ ሥራ ፈት አይደለም

አንድ ባልና ሚስት ላስተዋውቃችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ግን እነርሱን የመሰሉ ታውቃላችሁ። እሑድ እሑድ በጉባኤ መካከል ጎን ለጎን የሚቀመጡ ናቸው። ባል የሚሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ ለእርሱም ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤውን በኪሱ ከትቶ ቤቱ ገባ፤ ለሚስቱ ግን አልነገራትም። በማግስቱ እንደ ወትሮው ማልዶ ተነሣና ሸሚዙን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። ቀኑን በየማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ውሎ ማታ ደክሞት ተመለሰ። እንዲህ እያለ ስድስት ሳምንት አለፈ። ሚስቱ እውነቱን ያወቀችው የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀን ሲደርስ ነው።

«ያመመኝ ሥራ ማጣትህ አይደለም፤ ብቻህን መሸከምህ ነው» አለችው።

ለምን እንደ ደበቃት ስትጠይቀው መልሱ አጭር ነበር። «ሥራ ፈት እንዳልባል ፈርቼ ነው።»

ወገኖቼ፣ እስቲ እነዚህን ሁለት ቃላት እንለያቸው። ሥራ ፈት ማለት ሥራ እያለ የማይሠራ ነው። ሥራ አጥ ግን ሊሠራ እየወደደና እየፈለገ ያላገኘ ነው። ሁለቱን ስንቀላቅል የተጨነቀውን ሰው እናሳፍራለን፤ ትዳሩን እንጎዳለን። ከዚህም በላይ መልስ መስጠት የሚገባቸውን ሰዎች ከጥያቄ እናድናለን።

መጽሐፍ ቅዱስም ይለያቸዋል

ስለ ሥራ በተነሣ ቁጥር የምንጠቅሰው 2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10 ነው። ልብ ብለን ካነበብነው ሐዋርያው የሚገሥጸው ለመሥራት ፈቃድ የሌለውን ሰው ነው። ሥራ ፈልጎ ያጣውን አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ 20 በተናገረው ምሳሌ ደግሞ የወይኑ አትክልት ባለቤት በአሥራ አንደኛው ሰዓት ወጥቶ የቆሙ ሰዎች አገኘ። ለምን እንደ ቆሙ ሲጠይቃቸው የቀጠራቸው ሰው እንደሌለ ነገሩት። ምሳሌው በዋናነት ስለ እግዚአብሔር ጸጋ ቢሆንም፣ ይህን አንድ ነገር እናስተውል፤ ባለቤቱ ሰነፎች ናችሁ አላላቸውም። ወደ ሥራው ሰደዳቸው፤ የሙሉ ቀን ደመወዝም ከፈላቸው።

በነህምያ 5 ደግሞ ባሎችና ሚስቶች አብረው ጮኹ። እርሻቸውንና ቤታቸውን አስይዘው፣ ልጆቻቸውን ለባርነት እስከ መስጠት ደርሰው ነበር። ገዢው ነህምያ ጩኸታቸውን ሰምቶ ታላላቆቹን በጉባኤ ፊት ተሟገታቸው፤ የተወሰደውም እንዲመለስ አደረገ። እርሱ ራሱ ለገዢ የሚገባውን ቀለብ አልበላም። የሕዝብ መሪ ለሕዝቡ ኑሮ መልስ መስጠት እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

መንግሥታት እንዴት ይመልሳሉ?

መንግሥታት ለሥራ አጥነት ብዙውን ጊዜ በሦስት መንገድ ይመልሳሉ።

የመጀመሪያው መቁጠር ነው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መመዘኛ ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነና ሥራ እየፈለገ ያለ ሰው ነው። በሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ በክፍያ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ፈልጎ ፈልጎ ተስፋ የቆረጠውም ከሥራ አጦች ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ቀነሰ ሲባል፣ ሰዎቹ ሥራ አግኝተው ነው ወይስ መፈለግ ታክቷቸው ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአገራችን በተደረጉ የከተማ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 የሥራ አጥነት መጠን 16.9 ከመቶ ነበር። በ2018 ወደ 19.1 ከመቶ ከፍ አለ። የሴቶቹ ከወንዶቹ እጥፍ ገደማ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ መፍጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ወጣቶችን በደን ተከላና በአፈር ጥበቃ ማሰማራት ጀመረ። መርሐ ግብሩ በ1942 እስኪያበቃ ድረስ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ወጣቶች አለፉበት። የወር ክፍያቸው 30 ዶላር ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰባቸው ይላክ ነበር። ልጁ ዛፍ ሲተክል እናቱ ቤት ውስጥ እንጀራ ነበራት ማለት ነው።

በእኛም አገር ሙከራው ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ተጀምሮ ብዙ ድሆች ከተማ በማጽዳትና በመሰል ሥራዎች ገቢ አግኝተዋል። በ2017 ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ። በ2018 የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ተቋቁሞ እስከ 2025 ድረስ 14 ሚሊዮን ሥራ ለመፍጠር ታቀደ። ኮሚሽኑ ራሱን ችሎ የቆየው እስከ 2021 ነው፤ ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዞሯል። የተቀጠረው ዓመት ግን ደርሷል። ስንት ሥራ ተፈጠረ? ስንቱ ከዓመት በኋላ ጸና? ደመወዙስ ቤት ያስተዳድራል? ብሎ በአክብሮት መጠየቅ አመፅ አይደለም። መንግሥት የእግዚአብሔር አገልጋይ ከሆነ (ሮሜ 13፥4)፣ አገልጋይ ስለ አገልግሎቱ ይጠየቃል።

ሦስተኛው ሥራ ያጣው ሰው እስኪያገኝ ድረስ መደገፍ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣችው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የሥራ አጥነት መድን ጀመረች። ለዚህ ሕግ ብዙ የደከመችው የሥራ ሚኒስትሯ ፍራንሲስ ፐርኪንስ በአገሯ የመጀመሪያዋ ሴት የካቢኔ አባል ስትሆን፣ በክርስቲያናዊ እምነቷም የታወቀች ነበረች። የእኛ አገር የጡረታ ሕግ ለእርጅና፣ ለጤና ጉድለትና ለሟች ቤተሰብ ይከፍላል እንጂ ሥራ ለታጣበት ጊዜ አይከፍልም። ሸክሙ በአብዛኛው የሚወድቀው በዘመድ አዝማድ ላይ ነው።

በቤታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ተነጋገሩ። ደብዳቤው በደረሰ ቀን ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አኑራችሁ አብራችሁ አንብቡት፤ አብራችሁም ጸልዩበት። ሚስት ሆይ፣ ከጎረቤት ባል ጋር አታነጻጽሪው። ባል ሆይ፣ ሚስትህ ገቢ ካላት እርስዋ ቤቱን ስትደጉም ክብርህ የተነካ አይምሰልህ። አንድ አካል ናችሁና።

መብታችሁን እወቁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት ሰው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ያዝዛል። የሥራ ስንብት ክፍያም አለ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለተሰናበተ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልለታል። አራት ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ 60 ቀን በአገልግሎቱ፣ 60 ቀን በቅነሳው፣ በድምሩ የ120 ቀን ደመወዝ ይገባዋል። ብዙ ወገኖች ይህን ሳያውቁ ፈርመው ይወጣሉ። ከመፈረማችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

ወጪያችሁን ጻፉ። የቤት ኪራይ፣ ቀለብ፣ የልጆች ትምህርት፣ እድርና ዕቁብ በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈሩ። ዕቁቡን መቀጠል ካልቻላችሁ ለዳኛው ቀድማችሁ ንገሩ። ዕዳ በድብቅ አትግቡ። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ከታሰበም አንዳችሁ ብቻ አትወስኑ።

ቤተ ክርስቲያንስ?

ሥራ ያጣውን ወንድም ወይም እኅት እሑድ በመጣ ቁጥር «አሁንም አላገኘህም?» «አላገኘሽም?» እያልን አናቍስል። ይልቁንም በየኅብረቱ አንድ ደብተር ይኑር። በአንዱ በኩል የሚችሉትን ሙያ፣ በሌላው በኩል ሠራተኛ የሚፈልጉትን ምእመናን እንመዝግብ። ሱቅ፣ ጋራዥ ወይም ቢሮ ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ የአሥራ አንደኛው ሰዓት ሠራተኞች በጉባኤያችሁ ውስጥ ቆመዋል። ቀጥራችሁም ተገቢውን ደመወዝ ክፈሉ፤ ወንድማችን ነው እያላችሁ በነጻ አታሠሩት። ስለ ባለ ሥልጣናትም እንጸልይ (1ኛ ጢሞ. 2፥1-2)፤ ጸልየንም ዝም አንበል።

ያ ወንድም በመጨረሻ በሳምንቱ የቤት ኅብረት ላይ ተነሥቶ፣ «ሥራ አጥቻለሁ፤ ጸልዩልኝ» አለ። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ይዛለች። ጸሎቱ እንዳበቃ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ምን ምን ትችላለህ?» ብለው ጠየቁት። የሒሳብ መዝገብ መያዝ እንደሚችል ነገራቸው። እርሳቸው የሚያውቁት አንድ ነጋዴ ነበር፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሒሳብ ሥራ ሰጠው። ቋሚ ሥራ እስከ ዛሬ አላገኘም፤ አሁንም ይፈልጋል። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ግን ሚስቱ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ሳምንት ከእናንተ መካከል አንዱ ለአንድ ሥራ አጥ ወገን ያንን የሽማግሌውን ጥያቄ ይጠይቅ። ጌታ ቤታችሁንና የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።