መነሻ ወደባቸው አዲስ አበባ የሆነ መርከቦች

ከአሜሪካ ኤምባሲ አልፎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ነጠላው፣ ቀሚሱና ጋቢው ተሰቅሎ የሚሸጥበት ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰፈር ነው። ከዚህ ተነስቶ ጅቡቲ ለመድረስ ወደ 900 ኪሎ ሜትር መውረድ ያስፈልጋል። ርቀቱ ይህን ያህል ቢሆንም ባሕሩ ከገበያው አይለይም። ሸማኔው ጥበቡን የሚያወጣበት የሚያብረቀርቅ ክር፣ የልብስ ሰፊው መኪና፣ ከእጅ ሥራው ጋር የሚፎካከረው በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ፣ አብዛኛው ከመርከብ የተራገፈ ዕቃ ነው። የክሩ ዋጋ ውስጥ መርከቧ ባሕር ላይ ተራ ስትጠብቅ የባከነው ቀን ጭምር ተደምሯል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ሊሆን የሚችል ሌላም ነገር አለ። የኢትዮጵያ የንግድ መርከቦች ሻንጋይም ይቁሙ ሙምባይ፣ በስተኋላቸው ከስማቸው ሥር የመነሻ ወደባቸው ስም ተጽፎ ይታያል፤ የተጻፈውም «አዲስ አበባ» ነው። በባሕር ሕግ ማንኛውም መርከብ የተመዘገበበትን ከተማ ስም መያዝ ስላለበት ነው። ስዊዘርላንድም ባሕር ሳይኖራት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ዓ.ም. ሕግ አውጥታ መርከቦቿን ባዝል ከተማ ላይ አስመዝግባለች። የሞንጎልያ መርከቦች ደግሞ ኡላንባታር የሚል ይጻፍባቸዋል።

የመዝገቡ ጉዳይ ቀላል ነው። ባሕር የሌላቸው አገሮች የራሳቸውን ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው መርከብ የመንዳት መብታቸው እ.ኤ.አ. በ1921 በባርሴሎና በወጣ መግለጫ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነትም ይህንኑ አጽንቷል። ይሁንና የዚሁ ስምምነት አንቀጽ 131 የሚሰጠው እኩልነትን ብቻ ነው፤ ባሕር የሌለው አገር መርከብ በሰው ወደብ ከሌላው የውጭ መርከብ ያነሰ መስተንግዶ አይደርስበትም ይላል። ቅድሚያ ያገኛል አይልም። መርከብ መግዛትና ማስመዝገብ በገንዘብና በወረቀት ያልቃል። ገመዷን የምታስርበት ቦታ ማግኘት ግን በየጊዜው የሚለመን፣ የሚከፈልበትና ወረፋ የሚያዝበት ጉዳይ ነው።

ቦታ የሚጠበው ለጭነት መርከብ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ለመዝናኛ በሚፈለጉ የባሕር ዳር ከተሞች ትንሽ የግል ጀልባ ለማሰር እንኳ ከወደቡ ኃላፊ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ስማቸውን መዝገብ ላይ አስፍረው ከአሥር ዓመት በላይ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጀልባ በየዓመቱ ይሠራል፣ ማዕበል የማይደርስበትና ጥልቀቱ የሚበቃ ባሕረ ሰላጤ ግን አይጨምርም። ጅቡቲ ላይ የሚሆነውም በመሠረቱ ያው ነው። የሚለየው ወረፋውን የሚጠብቀው ሰንበትን ባሕር ላይ ለማሳለፍ የሚፈልግ ሰው ሳይሆን ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ መሆኑ ነው።

መርከብ ወደብ ደረሰች ማለት ገባች ማለት አይደለም። መጀመሪያ ከወደቡ ውጪ በተከለለ ማቆያ መልሕቋን ትጥላለች። ተራዋ ሲደርስ የአካባቢውን ጥልቀት ጠንቅቆ የሚያውቅ የወደብ ፓይለት በጀልባ መጥቶ ይሳፈርና ካፒቴኑን ይመራል፤ ጎታች ጀልባዎች እየገፉና እየሳቡ ያስጠጓታል፤ ከዚያ ገመዱ ይታሰራል። ያ መቆሚያ፣ የሙያው ሰዎች በርዝ የሚሉት፣ በሜትር የሚለካ ውስን ቦታ ነው። ከ150 ሜትር በላይ ርዝመት ያላት መርከብ ርዝመቷን የሚችል ግንብ፣ ከሆዷ በታች የሚበቃ ውኃ፣ ከአጠገቧም ክሬንና መጋዘን ያስፈልጋታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ ቦታ ባዶ ቢሆንም አይጠቅማትም።

ተራውም እንደ ታክሲ ተራ የመጣ ሁሉ በመጣበት ቅደም ተከተል የሚስተናገድበት አይደለም። ኮንቴይነር የሚያመላልሱ ትላልቅ ኩባንያዎች መርከባቸው የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት አስቀድመው ከወደቡ ጋር ተዋውለው ቦታ ይይዛሉ። ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ብረትና ልዩ ልዩ ዕቃ የጫነችው መርከብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦታ እስኪለቀቅ ጠባቂ ናት። ስትጠብቅ ደግሞ ታስከፍላለች። መርከብ የተከራየ ነጋዴ ከተስማማበት ቀን በላይ ካቆያት በቀን ተሰልቶ የሚጣልበትን፣ ዲመሬጅ የሚባለውን ክፍያ አስመጪዎች በምሬት የሚያነሱት ለዚህ ነው። የሚከፈለው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ይህ ነገር የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ታይቷል። የኤልኒኞ ክስተት ዝናቡን አስተጓጉሎ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ በሚጠብቅበት በዚያ ዓመት መንግሥት የገዛውና ለጋሾች የላኩት ስንዴ በአንድ ሰሞን ጅቡቲ ደረሰ። ለመኸር እርሻ የሚሆነው ማዳበሪያም በዚያው ወቅት መጣ። ሁለቱም የማይዘገዩ ነበሩ፤ ስንዴው ቢዘገይ የተራበው ይጎዳል፣ ማዳበሪያው ቢዘገይ የሚቀጥለው ዓመት ምርት ያንሳል። መርከቦቹ ባሕር ላይ ለሳምንታት ተሰልፈው ቆዩ።

በዚያ ወቅት ችግሩ የመቆሚያ ቁጥር ማነስ ብቻ አልነበረም። ስንዴና ማዳበሪያ በጅምላ መጥቶ እዚያው ወደቡ ላይ በጆንያ ይሞላል፤ ከዚያ በከባድ መኪና ይጫናል። መኪናው ከሌለ መጋዘኑ ይሞላል፣ መጋዘኑ ከሞላ ማራገፉ ይቆማል፣ ያልተራገፈች መርከብ ደግሞ ቦታዋን አትለቅም። ስለዚህ ወደ ጅቡቲ ድንበር በሚወስደው የጋላፊ መንገድ ላይ የተበላሸ ተሳቢ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ሳይነሳ የከረመ ኮንቴይነር ባሕር ላይ ያለችውን መርከብ ያስጠብቃታል። ጅቡቲ ውስጥ ዶራሌ ላይ በ2001 ዓ.ም. የኮንቴይነር ተርሚናሉ፣ በግንቦት 2009 ደግሞ ሁለገብ ወደቡ ሥራ መጀመራቸውና የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መዘርጋቱ ጫናውን አቃልሏል። ይሁንና ከአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚያልፈው አሁንም በዚያው በአንድ አገር በኩል ነው።

ይህ ሁሉ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ሲቋቋም ምጽዋና አሰብ በእጅ ነበሩ። «የይሁዳ አንበሳ» እና «ንግሥተ ሳባ» የተባሉት የመጀመሪያዎቹ የጭነት መርከቦች ገመዳቸውን የሚያስሩት በገዛ አገራቸው ግንብ ላይ ነበር። ባሕር ኃይሉም ምጽዋ ላይ ሰፍሮ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ያገኛትን «ኢትዮጵያ» የተባለች መርከብ ለሥልጠና ይጠቀምባት ነበር። ያን ጊዜ መቆሚያ ቦታ የወደብ አስተዳደር የዕለት ሥራ እንጂ የአገር ጥያቄ አልነበረም።

መቆሚያ ያጣች መርከብ ምን እንደሚደርስባት የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ከደርግ ውድቀት በኋላ ያሳለፈው ታሪክ ያሳያል። በተደጋጋሚ ሊነገር ሲገባው ብዙም አይነሳም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. የመጨረሻው የኤርትራ ወደብ አሰብ ከእጅ ሲወጣ ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ገሚሶቹ ወደሙ። ማምለጥ የቻሉት ቀይ ባሕርን አቋርጠው አብዛኞቹ የመን ገቡ፤ መርከበኞቹም አብረው ተሰደዱ። «ኢትዮጵያ»ም እዚያው የመን ቀርታ በመጨረሻ ለብረት ተሸጠች። እ.ኤ.አ. በ1993 የመን የቀሩትን ውጡልኝ አለች። መንቀሳቀስ የቻሉት ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ። ባሕር ኃይሉ በዚያ ጊዜ ዋና መምሪያው አዲስ አበባ፣ መርከቦቹ ጅቡቲ፣ የራሱ የሆነ አንድ ሜትር ግንብ የሌለው ሠራዊት ሆኖ ነበር።

ጅቡቲም በእንግዶቹ ተሰላቸች። የወደብ ክፍያው ሳይከፈል ተጠራቀመ፤ በመስከረም 1989 ዓ.ም. መርከቦቹ ለዕዳው መያዣ ተደርገው ለጨረታ ቀረቡ። ኤርትራ አሥራ ስድስቱን የመግዛት ፍላጎት አሳይታ በመጨረሻ አራት ብቻ ወሰደች፤ የቀሩት ለቁርጥራጭ ብረት ሄዱ። አንዲት የጥበቃ ጀልባ ብቻ በየብስ ተጉዛ ጣና ሐይቅ ላይ እንድታርፍ ተደረገ። የአንድ ባሕር ኃይል ፍጻሜ በጦርነት ተጀምሮ በኪራይ ዕዳ ተጠናቀቀ። የአገር ሀብት የነበሩ፣ በብዙ ወጪ የተገዙ፣ የሠለጠነ ሰው የነበራቸው መርከቦች ማቆሚያ ቦታ በማጣት እንዲህ መበተናቸው ዛሬም ሊያስቆጭ የሚገባ ነው።

የንግድ መርከቦቹ ዕድል ከዚህ የተሻለ ነበር። ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ሕዝበ ውሳኔ ነፃ አገር ከሆነች በኋላም አሰብ የኢትዮጵያ ዋና በር ሆኖ ቀጥሎ ነበር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ግን ያ በር ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ በጥድፊያ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሁለቱ አገሮች ሲታረቁ «መቀሌ» የተባለችው የኢትዮጵያ መርከብ ነሐሴ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. ምጽዋ ገብታ ገመዷን አሰረች። የሄደችው 11,000 ቶን ዚንክ ወደ ቻይና ለመጫን ነበር። ብዙ ሰው በዚያ ቀን ምጽዋና አሰብ ለኢትዮጵያ ጭነት ተከፈቱ ብሎ ተስፋ አደረገ። መደበኛ መስመር ግን አልሆነም።

በመካከሉ መርከቦቹ በዝተዋል። ንግድ መርከብ፣ የማሪታይምና ትራንዚት አገልግሎትና የደረቅ ወደብ ድርጅቱ በ2004 ዓ.ም. ተዋሕደው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦች ቻይና ውስጥ ተሠርተው ገብተዋል፤ «አሶሳ»፣ «ጅግጅጋ»፣ «ሐረር» የመሳሰሉ ስሞች ተሰጥቷቸዋል። ሁለቱ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ደግሞ «ባሕር ዳር» እና «ሐዋሳ» ተባሉ። የሁሉም መነሻ ወደብ ያቺው አዲስ አበባ ናት። አንዳቸውም ግን የእኔ ነው ብለው ያለ ወረፋ የሚገቡበት መቆሚያ የላቸውም።

ሌላ በር ለመክፈት የተደረገው ሙከራ ብዙ ነው። በየካቲት 2004 ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ደቡብ ሱዳን ኬንያ ውስጥ የሚገኘውን የላሙን ወደብ ፕሮጀክት በጋራ አስጀመሩ፤ የላሙ የመጀመሪያ በርዝ ሥራ የጀመረው ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በግንቦት 2013 ነው። በየካቲት 2010 በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ ለኢትዮጵያ እንዲሰጥ ከዱባዩ የወደብ ኩባንያ ከዲፒ ወርልድና ከሶማሊላንድ ጋር ስምምነት ተደረሰ። ያ ድርሻ በወረቀት ላይ ቆይቶ ቅድመ ሁኔታዎቹ ባለመሟላታቸው በ2014 ዓ.ም. ቀረ። ከነዚህ ሁሉ ጥረቶች ለኅሊና የሚከብደው ይህ ነው፤ ሌላው የከለከለን ሳይሆን በእጃችን የገባውን ሳናጸና የተውነው ነውና። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ከሞቃዲሾ ጋር ብርቱ ጭቅጭቅ አስነሳ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ደግሞ በቱርክ ሸምጋይነት ኢትዮጵያና ሶማሊያ የተስማሙበት የአንካራ መግለጫ ወጣ። ባሕር ኃይሉን መልሶ ለማቋቋምም ሕግ ወጥቶ በመጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ትብብር ተፈርሟል።

ስለ ባሕር በር የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በታሪክና በካርታ ዙሪያ ይሽከረከራል። የሽሮ ሜዳውን ክር የሚያረክሰው ወይም የሚያስወድደው ግን ከዚያ በታች፣ በውሉ ዝርዝር ውስጥ የሚጻፈው ነው። ስንት ሜትር ግንብ፣ በስንት ሜትር የውኃ ጥልቀት ላይ? የኢትዮጵያ መርከብ ስትደርስ የተያዘላት ቀንና ሰዓት አለ ወይስ ትጠብቃለች? በድርቅ ዓመት ስንዴ፣ በእርሻ ወቅት ማዳበሪያ ከሌላው ጭነት ይቀድማል ተብሎ ተጽፏል? የወደብ ክፍያው በየስንት ዓመቱ፣ በማን ውሳኔ ይጨምራል? በክፍያው ላይ አለመግባባት ቢነሳስ ጉዳዩን የሚያየው ገለልተኛ ዳኛ ነው ወይስ የወደቡ ባለቤት መርከቧን አስሮ ጨረታ ያወጣል? ከጅቡቲም ሆነ ከሌላ ጎረቤት ጋር የሚፈረም ማንኛውም አዲስ ውል ፓርላማ ሲቀርብ እነዚህ አንቀጾች ተነብበው፣ መልሳቸው በአማርኛ ለሕዝብ ሊገለጥ ይገባል።