ጭኮ፦ የአርሲ ደጋ የበዓል ምግብ

ጭኮ ከታመሰ ገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ ተለውሶ የሚዘጋጅ ምግብ ነው። ከተለወሰ በኋላ እሳት አይነካውም፤ በማንኪያ እየተቆነጠረ እንዳለ ይበላል። በብዙ የኦሮሞ አካባቢዎች የሚታወቅ ቢሆንም በአሰላና በአርሲ ደጋ ልዩ ቦታ አለው፤ ለሰርግ፣ ለአረፋ፣ ለገና፣ ለመስቀልና ለክብር እንግዳ ይቀርባል። የአሠራሩ ሙያ በአንድ ነገር ላይ ያተኩራል፦ ከገብሱም ከቅቤውም ውሃን ማስወጣት። ጭኮ ቀደም ብሎ ተሠርቶ በዓሉን ሊጠብቅ፣ መንገደኛን ሊያሰንቅ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በማያንስ ከፍታ፣ በጭላሎ ተራራ ሥር ትገኛለች። ጭላሎ ራሱ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በዝቅተኛው መስክ ስንዴ ይዘራል፤ ወደ ዲገሉና ወደ በቆጂ ሲወጣ ግን ብርዱ እየበረታ ይሄዳል፤ እዚያ ገብስ ይበረታል። በዚያው ደጋ ከብት በብዛት ስለሚረባ ቅቤ ከደጅ አይታጣም። የጭኮ ሁለቱ ዋና ግብዓቶች የሚገኙት ከአንድ ቤት ማሳና በረት ነው።

ለጭኮ የሚመረጠው የምግብ ገብስ ነው፤ ፍሬው የሞላ፣ ያልነቀዘና ዝናብ ያልመታው መሆን አለበት። በአካባቢው ሌላም ገብስ አለ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የቢራ ገብስ ይገዛል፤ ለቢራ የሚፈለገው ደግሞ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ፣ በእኩል የሚበቅል ፍሬ ነው። ፋብሪካው ገብሱን ውሃ አጠጥቶ ያበቅለዋል፤ የጭኮ ባለሙያ ግን ደረቅ ገብስ ይዛ የበለጠ ታደርቀዋለች። ከከተማዋ በስተሰሜን የሚገኘው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በስንዴ ይበልጥ ቢታወቅም በቢራ ገብስ ላይም ሲሠራ ቆይቷል። አርሶ አደሩ ለገበያ የቢራውን እየዘራ ለቤቱ የምግቡን ገብስ በአንድ ጥግ ማስቀረቱ ብልህነት ነው፤ የበዓሉ ጭኮ የሚገኘው ከዚያ ጥግ ነውና።

ሥራው የሚጀምረው በመፈተግ ነው። ገብሱ ተለቅሞ በጥቂት ውሃ ርስ ይደረግና በሙቀጫ ይፈተጋል፤ ገለባው ሲላቀቅ በፀሐይ ይሰጣና በሰፌድ ይበጠራል። እዚህ ላይ የተቸኮለበት ጭኮ ሲበላ ጉሮሮ ይከረክራል። የተፈተገው ገብስ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በምጣድ ይታመሳል። ምጣዱ ከተሞላ ላይኛው ጥሬ ሆኖ ታችኛው ያርራል፤ ስለዚህ እጅ ሳያርፍ ይማሰላል። ፍሬው መጀመሪያ ይነፋል፣ ቀጥሎ መንጣጣት ይጀምራል፣ መልኩም ወደ ቡናማ ይጠጋል። አንድ ፍሬ በጥርስ ተሰብሮ ውስጡ ድረስ ካልተንኮሻኮሸ አልደረሰም። ሳይበስል የወረደ ዱቄት ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ያረረው ይመርራል፤ ሁለቱንም ቅቤ አይሸፍናቸውም።

የታመሰው ገብስ ከቀዘቀዘ በኋላ ይፈጫል። በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጭ የኖረው ዛሬ በአብዛኛው ወደ ኤሌክትሪክ ወፍጮ ይሄዳል፤ ጠንቃቃ እናት ግን ከእርሷ በፊት ምን እንደተፈጨ ሳትጠይቅ አታስፈጭም፤ የሌላ እህል ሽታ ሊገባበት ስለሚችል መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት ለብቻ ትይዘዋለች። ከዚያ በወንፊት ይነፋል። ይህ ዱቄት በሶ ነው፤ በውሃ ተበጥብጦም ይጠጣል።

ለጋ ቅቤ ከመቶ እጅ ወደ 16 የሚጠጋው ውሃ ነው፤ ከወተቱ የቀረ ዝቃጭም አለበት። ሲነጠር ውሃው በእንፋሎት ይወጣል፣ ዝቃጩ ወደ ታች ይቀመጣል። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽ፣ እርድና ነጭ ሽንኩርት እንደየቤቱ ልማድ ይገባሉ። በለዘብተኛ እሳት የፈላው ቅቤ መንተክተኩን ትቶ ጸጥ ሲልና እንደ ዘይት ሲጠራ ወርዶ ይጠለላል። የበዓል ጭኮ መዓዛ ከሩቅ የሚጠራው በዚህ ቅመም ነው።

ለብ ያለው ቅቤ በዱቄቱ ላይ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ በእጅ ይታሻል። ጨው ይገባበታል፣ የተፈጨ ኮረሪማ ይነሰነስበታል፤ የሚያቃጥል የሚወድ ቤት ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ ጣል ያደርጋል። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ቅቤ ወይም ከዚያ በላይ መሄዱ የተለመደ ነው፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን እጅ ነው። ተጨብጦ ሲለቀቅ የጣት አሻራ ይዞ መቆም አለበት፤ ከተፈረከሰ ቅቤ አንሶታል፣ በጣት መካከል ቅቤ ካንጠባጠበ ዱቄት ይጨመርበታል። ልጅ ከእናቷ የምትማረው ይህን ጭብጥ ነው፤ በሚዛን የተጻፈ መመሪያ ብቻውን አያደርስም፣ የዱቄቱ ልመትና የቅቤው ዓይነት ከቤት ቤት ይለያያልና።

የተለወሰው ጭኮ አየር እንዳይቀርበት ተጠቅጥቆ በቅል፣ ከእንጨት በተፈለፈለ ዕቃ ወይም በዘመኑ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ይቀመጣል። ሻጋታ ያለ ውሃ ስለማይኖር ለወራት ይቆያል። ጠላቱ እርጥብ ማንኪያ ነው፤ አንዴ ከገባ የነካው ቦታ ይሻግታል። ክዳኑ እየተከፈተ ከቆየ ደግሞ ቅቤው ይጎመዝዛል። ቲቤታውያንም የታመሰ ገብስ ዱቄት በሻይና በቅቤ እየለወሱ ይበላሉ፤ የእነርሱ ጻምፓ ግን ሻይ ስለሚገባበት ወዲያው የሚበላ እንጂ የሚከርም አይደለም።

በአርሲ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብተው ይኖራሉ። በኢትዮጵያ ልማድ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ ጭኮ ግን የታረደ ሥጋ የለበትምና በአረፋ ለክርስቲያን ጎረቤት፣ በገና ለሙስሊም ጎረቤት ያለ ሐሳብ ይቀርባል። ብዙ የተባለለት የጉርብትና ፍቅር በተግባር የሚታየው እንዲህ ባለ ሳህን ላይ ነው። ክርስቲያኑን የሚከለክለው ጾም ነው፦ 55 ቀን በሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ቅቤ ስለማይቀመስ ጭኮው ፋሲካን ይጠብቃል፤ በጾሙ በሶ በውሃና በጨው ይተካዋል። በእርጎ ወይም በወተት ማወራረድ የተለመደ ሲሆን፣ ጥቂቱ ስለሚያጠግብ የእንግዳ ድርሻ ትንሽ መሆኑ እንደ ንፍገት አይቆጠርም። ወደ ሩቅ ከተማ ለሚሄድ ልጅ፣ ባሕር ተሻግሮ ለሚኖር ዘመድም ይላካል።

አሁን ጭኮ በአዲስ አበባ ሱቆችም ታሽጎ ይሸጣል። ቅቤ በመወደዱ በአትክልት ቅባት የተለወሰም ሊገጥም ይችላል። የሚገዛ ሰው ማሽተትና መቅመስ ይኖርበታል፦ ጥሩው ጭኮ የኮረሪማና የኮሰረት መዓዛ አለው፤ በምላስ ላይ ሲቀልጥ ላንቃ ላይ እንደ ሰም የሚለጠፍ ነገር አይተውም፣ በጥርስ መካከልም ገለባ አይገኝበትም።