ተማሪና ምድጃ

ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት ከወላጆቹ ቤት ሲወጣ እናት ስንቅ ታሰናዳለች፥ አባትም ምክር ይሰጣል። በሶው፥ ቆሎው፥ ሽሮውና በርበሬው በየከረጢቱ ታስሮ፥ ቅቤው በቆርቆሮ ታሽጎ፥ ብርድ ልብሱም ተጠቅልሎ ይጫናል። አባት ስለ ጓደኛ ምርጫ፥ ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ትምህርት ትጋት ረዘም ያለ ቃል ይናገራል። ነገር ግን በዚያ ሽሮ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ፥ እሳቱም እንዴት እንደሚያዝ ልጁን የሚያስተምረው ሰው ጥቂት ነው። ይልቁንም ልጁ ወንድ የሆነ እንደ ሆነ ይህን ማስተማር ለክብሩ የማይገባ መስሎ ይታያል። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን፥ ይህ ነገር ከሣቅና ከቀልድ አልፎ አንዳንድ ጊዜ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ መሆኑን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ አስበናል።

በአገራችን ተማሪ ራሱን መመገብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ስሙ ራሱ ከምግቡ የተወሰደ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ይባላልና። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ፥ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን ቁራሽ ወደ ጎጆው ይመልሳል። ከዕለት ምግቡ የተረፈውን እንጀራ በፀሐይ አድርቆ ድርቆሽ ያደርገዋል፤ እርጥበቱ ስለ ወጣለትም ሻጋታ ሳያገኘው ብዙ ቀን ይቆያል። ይህንንም ጥበብ ታናሹ ከታላቁ እያየ ሲማረው ኖረ እንጂ፥ የሴት ሥራ ነው ብሎ የናቀው አልነበረም፤ የናቀው ጦሙን ያድራልና።

ከዚያ በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተ ጊዜ፥ ተማሪው በግቢው አድሮ በግቢው የሚመገብ ስለ ሆነ ስለ ምድጃ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የወጪ መጋራት ሥርዓት ቆመ፤ ተማሪውም ለምግቡና ለመኝታው፥ ለትምህርቱም በከፊል የወጣለትን ገንዘብ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ሆነ። ከተማሪዎቹም አንዳንዶቹ በአዳራሹ መመገብን ትተው የምግባቸውን ገንዘብ በእጃቸው እየተቀበሉ ራሳቸውን ይመግባሉ፤ እነዚህንም ጓደኞቻቸው «ነን ካፌ» ይሏቸዋል። ሦስት ወይም አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፥ አንድ ድስትና አንድ ምድጃ ይገዛሉ፥ በተራም ያበስላሉ። ጉዱም ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ፈተና ሽሮ ነው። ሽሮ ቀላል ነው ተብሎ ስለሚታመን ሁሉም በእርሱ ይጀምራል። አንድ የምናውቀው የምሕንድስና ተማሪ፥ የማብሰል ተራው በደረሰ ጊዜ፥ ውኃውን አንተክትኮ አንድ ትልቅ ጭልፋ ሽሮ በአንድ ጊዜ ገለበጠበት። ወጡም ጓል በጓል ሆነ፤ ጓሉን በማንኪያ ሲሰብሩት ከውስጡ ደረቅ ዱቄት ወጣ። ጓደኞቹም «የመሐንዲስ ወጥ ኮረት አያጣም» እያሉ ሣቁበት፥ ያንንም ምሽት ዳቦ በሻይ በልተው አደሩ። የነገሩ ምክንያት ግልጥ ነው። ዱቄት ከሚንተከተክ ውኃ ጋራ በብዛት ሲገናኝ የውጭው ወገን ወዲያው በስሎ እንደ ሙጫ ይያያዛል፤ ውኃውም ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከለክላል። መድኃኒቱ ሽሮውን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ መበጥበጥ፥ አለዚያም በአንድ እጅ ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ በሌላው እጅ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው።

ሁለተኛው ፈተና ቁሌት ነው። ባለሙያ ሴት ሽንኩርቱን በዝግታ እሳት አብስላ፥ ዘይቱን ጨምራ፥ በመጨረሻም በርበሬውን ውኃ ጠብ እያደረገች ታቁላላዋለች። የራበው ተማሪ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ አይታገሥም። ዘይቱን እስኪጤስ ድረስ ያግልና በርበሬውን ይነሰንስበታል። በርበሬው ወዲያው ያራል፤ የሚያቃጥለውም ኀይሉ ከጢሱ ጋራ ይነሣል፤ የግቢውም ተከራይ ሁሉ እያሳለና እያስነጠሰ ከየበሩ ይወጣል። ያረረ በርበሬ መራራ ነውና ውኃ ቢጨምሩበት አይመለስም። ስለዚህ ድስቱን አጥቦ ሽንኩርት እንደገና መላጥ ይሻላል።

ሦስተኛው ጥራጥሬ ነው፤ ይህም የትዕግሥት ብቻ ሳይሆን የፊዚክስ ትምህርትም አለበት። ከድሬዳዋ ወደ ደብረ ብርሃን ለትምህርት የሄደ ልጅ፥ በእናቱ ቤት ቶሎ ሲበስል ያየው ቦሎቄ በአዲሱ አገር እኩለ ሌሊት ድረስ ቢጣድ አልበስል ይለዋል። ቦሎቄውን የሸጠለትንም ነጋዴ ይረግማል። ነጋዴው ግን ምንም አልበደለም። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አገሩ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ግን የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በድሬዳዋ ወደ 96፥ በአዲስ አበባ ወደ 92፥ በደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ነው። ልጁ እሳቱን ቢያበዛው ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። እንግዲህ ጥራጥሬውን ከዋዜማው መዘፍዘፍ፥ ድስቱን መክደን፥ ቢቻልም ክዳኑ ተቆልፎ እንፋሎቱን አምቆ የሚይዘውን ድስት መግዛት ይገባል። በዚህ ድስት ውስጥ እንፋሎቱ ውኃውን ስለሚጫነው ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ይበልጣል። ዳሩ ግን እንፋሎቱ ፈጽሞ ሳይወጣ ክዳኑን ለመክፈት የሚታገል ሰው ፊቱን ያቃጥላል።

እስከዚህ የተናገርነው ጦም የሚያሳድር እንጂ ነፍስ የሚጎዳ አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ግን አንባቢዎቻችን አትኩረው እንዲመለከቱት እንለምናለን።

ድንች ወይም ሥጋ ሲጠበስ ዘይቱ ከልክ በላይ ግሎ እሳት የያዘው እንደ ሆነ፥ ያልተማረ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ውኃ ነው። ይህም ትልቅ ጥፋት ነው። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰጥማል፤ በዚያም ግለት በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም ወደ 1,600 እጥፍ እየሰፋ የሚነደውን ዘይት በሰውና በመጋረጃ ላይ ይረጨዋል። የሚገባው ሥራ ምድጃውን ማጥፋት፥ ድስቱን ሳያንቀሳቅሱ በክዳኑ መግጠምና እስኪቀዘቅዝ አለመክፈት ነው። እሳት አየር ሲያጣ ይሞታልና። እንዲሁም በላምባ ምድጃ የሚጠቀም ተማሪ ምድጃው እየነደደ ላምባ አይጨምርበት።

ሰው የተቃጠለ እንደ ሆነ ደግሞ ቅቤ፥ የጥርስ ሳሙና ወይም ጭቃ መቀባት ልማድ ሆኗል። ይህ ሙቀቱን በቆዳው ውስጥ ያፍነዋል፥ ቁስሉንም ያቆሽሸዋል። የተቃጠለውን አካል ሃያ ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ የሚወርድ ውኃ ሥር ማቆየት፥ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የከሰል ነገር ነው። ተማሪው እራቱን በከሰል አብስሎ ቡናውንም አፍልቶ ከጠጣ በኋላ፥ የሌሊቱን ብርድ በማሰብ የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታው ያስገባል፥ በሩንና መስኮቱንም ይዘጋል። ብዙ ሰው ከሰሉ ፈክቶ ጢሱ ከጠፋ ጉዳት የሌለው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የፋመው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዘኛ አየር ያወጣል፤ ይህም ቀለም የለውም፥ ሽታም የለውም፥ ዐይንም አያስለቅስም። በደም ውስጥ የሕይወትን አየር የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኀይል ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፥ ይዞረዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ ጉልበቱም ይከዳዋል፤ ተኝቶ ከሆነ ግን አንዱንም ሳያውቅ በእንቅልፉ ይሞታል። በከሰል ታፍነው ያደሩ ሰዎች መርዶ በአገራችን ስንት ጊዜ ተሰምቷል! እንግዲህ የጋለ ከሰል ከሰው መኝታ ጋራ በአንድ ክፍል ማደር የለበትም። ከዚህ ምልክት አንዱን ያየ ሰው ወዲያው በሩን ከፍቶ ታማሚውን ወደ ንጹሕ አየር ያውጣ፥ ወደ ሐኪም ቤትም ያድርሰው።

«ወንድ ወደ ችሎት፥ ሴት ወደ ማጀት» የሚል የቆየ አነጋገር እንዳለ እናውቃለን። እኛም ውሏችን ከችሎት ስለ ሆነ በዚህ ነገር ጥቂት ለመናገር እንደፍራለን። ሴቶች ልጆቻችን ወደ ችሎት ከገቡ ቆይተዋል፤ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሴት ነበሩ። ወንዶች ልጆቻችን ግን ወደ ማጀት ለመግባት ገና ከበሩ ላይ ቆመዋል። በችሎት የሚውል ሰውም ማታ ይርበዋል፤ ሲርበውም የሕግ አንቀጽ አይበላም። በቤቱ ብዙ ሠራተኛ ያለው የባለ ሥልጣን ልጅ በዚህ ነገር ከደኻው ልጅ ይልቅ ያሠጋል፤ ደኻው ቢያንስ እናቱ እሳት ስታነድ በአጠገቧ ተቀምጦ አይቷልና።

ስለዚህ ወላጆች ልጃቸው ወደ ትምህርቱ ከመሄዱ በፊት ባለው ክረምት፥ ወንድም ይሁን ሴት፥ በሳምንት ሁለት ቀን የቤቱን ሰው እራት እንዲያበስል ያድርጉ። ሽሮ፥ ምስርና ጎመን ከቻለ ለጊዜው ይበቃዋል። ጓል ቢሆንበት ወይም ቢያርበት፥ አባት በማዕዱ ላይ ሳይቆጣና ሳያላግጥ ይብላለት፤ እናትም ምክንያቱን ታስረዳው። የዘይቱን እሳትና የከሰሉን ነገር ግን በቃል ብቻ ነግረው አይተዉት። ክዳኑን በድስቱ ላይ እንዲገጥም፥ ምድጃውንም ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ እንዲያወጣ በየምሽቱ ያሠሩት፤ እጁ የለመደውን ነገር በድንጋጤም ሆነ በእንቅልፍ ሰዓት አይረሳውምና።