ታብሌትን ከቤት ውስጥ ገመድ አልባ መረብ ጋር ስለማገናኘት፦ ለመምህራን ሥልጠና የቀረበ ማብራሪያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታብሌት የተባለው የእጅ መሣሪያ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ከሚገኝ ገመድ አልባ የኢንተርኔት መረብ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማብራራት ነው። ጉዳዩ በትምህርታዊ መጽሔት ላይ ሊነሣ የማይገባው ተራ ነገር መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጣትን በመስተዋት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከማሳረፍ ያለፈ ምን ቁም ነገር አለው የሚል ጥያቄ ከሥራ ባልደረቦቻችንም ተሰንዝሯል። ዳሩ ግን የመምህሩ መምሪያና የሥልጠናው ሰነድ በኢንተርኔት አማካይነት መሠራጨት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንኳ ለከፊሎቹ ተፈታኞች የተሰጠው በወረቀት ሳይሆን በኢንተርኔት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መሣሪያውን ከመረቡ ጋር ማገናኘት የተሳነው መምህር ከሥራው ጋር የተያያዙ ብዙ ነገሮች ይርቁታል።

ለማብራሪያው መነሻ የሚሆነን በ2017 ዓ.ም. ክረምት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያጋጠመ ነገር ነው። ለክረምት ሥልጠና ከገጠር የመጣች አንዲት መምህርት በታላቅ ወንድሟ ቤት ተቀምጣ ትማር ነበር። በወንድሟ ቤት ገመድ አልባ መረብ አለ፤ የልጆቹ ስልኮች ሁሉ በእርሱ ይሠራሉ። የእርሷ ዕድሜ ጠገብ ታብሌት ግን የመረቡን ምልክት ሙሉ አድርጎ እያሳየ፣ «ተገናኝቷል» የሚል ቃልም እየጻፈ፣ አንድም ገጽ አልከፍት አላት። ወንድሟ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ወደ አንድ ስልክ ጥገና ቤት ወሰደው። በዚያም በውስጡ ያለው ሁሉ ተደምስሶ እንደ አዲስ እንዲነሣ ተደረገ፤ የአንድ መንፈቀ ዓመት የክፍል ምልከታ ማስታወሻዋ አብሮ ጠፋ። ታብሌቱ ከተመለሰም በኋላ እንደ ቀድሞው ምልክቱን ያሳያል እንጂ ምንም አይከፍትም። በመጨረሻ ወደ ኮሌጁ ባመጣችው ጊዜ ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ወደዚያ ምክንያት በቦታው እንመለስበታለን፤ አስቀድሞ ግን ግንኙነት የሚባለው ነገር ራሱ ምን እንደ ሆነ መገንዘብ ያሻል።

«ተገናኝቷል» ማለት ከማን ጋር ነው?

በየቤቱ የሚቀመጠው፣ በልማድ «ዋይፋዩ» እየተባለ የሚጠራው ሣጥን ትክክለኛ ስሙ ራውተር ነው። ሥራው ሁለት ወገን አለው። በአንድ ወገን በስልክ ሽቦ፣ በፋይበር መስመር ወይም በሲም ካርድ አማካይነት አገልግሎቱን ከሚሰጠው የቴሌኮም ድርጅት ጋር ይገናኛል፤ በሌላው ወገን በቤቱ ውስጥ ካሉት ስልኮችና ታብሌቶች ጋር በራዲዮ ሞገድ ይነጋገራል። ዋይፋይ የሚለው ስም በትክክል የሚገባው ለዚህ ለሁለተኛው፣ ለውስጡ ወገን ብቻ ነው። እንግዲህ በታብሌቱ ላይ «ተገናኝቷል» የሚል ቃል ሲነበብ ታብሌቱ ከሣጥኑ ጋር ተገናኝቷል ማለት እንጂ ከውጭው ዓለም ጋር ተገናኝቷል ማለት አይደለም። ደብዳቤ ፖስታ ቤት ደረሰ ማለት ከተላከለት ሰው እጅ ገባ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ የምልክቱም መሙላት የሚመሰክረው ስለ መጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። አዳዲሶቹ ታብሌቶች «ኢንተርኔት የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ስለሚጨምሩ ልዩነቱን ያመለክታሉ፤ ሠልጣኞቻችን ግን ማስጠንቀቂያውን አይተው የሚያጠፉት ታብሌቱን ነው።

ኮምፒዩተሮችን በራዲዮ ማነጋገር አዲስ ነገር አይደለም። የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ኮምፒዩተሮቹን በራዲዮ ያገናኘው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው አሠራር የመጀመሪያ ደረጃ መለኪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ዋይፋይ የሚለው የንግድ ስም የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አሠራሩ ለመምህር የሚከብድ አይደለም። በአንድ መስመር ላይ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ የሚነጋገሩበት አየር አንድ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ከመናገሩ በፊት ሌላ የሚናገር እንዳለ ያዳምጣል፤ ካለ ዝም ይላል፣ ከሌለ ጥቂት ጠብቆ ይናገራል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተናገሩ የሁለቱም ቃል ስለማይሰማ እንደገና ይሞክራሉ። ሃምሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ ተራው የሚዘገየው ለምን እንደ ሆነ የሚያውቅ መምህር፣ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩን ሲከፍት ታብሌቱ የሚዘገየው ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም።

ስምና የይለፍ ቃል

ራውተሩ በሴኮንድ ወደ 10 ጊዜ ያህል ስሙን በአየር ላይ ያውጃል። በታብሌቱ የማስተካከያ ገጽ፣ ማለትም «ሴቲንግ» በሚባለው ክፍል፣ ዋይፋይ ሲከፈት የሚታዩት ስሞች በአቅራቢያው የሚታወጁት ናቸው፤ የጎረቤትም ስም አብሮ ይታያል። የቤቱ መረብ ስምና የይለፍ ቃል አብዛኛውን ጊዜ በራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ታትሞ ይገኛል፤ ባለቤቱ ቀይሮት ከሆነ ግን ከእርሱ መጠየቅ ነው። የይለፍ ቃሉ እንዳለ በአየር ላይ እንደማይላክ ማወቅ ይጠቅማል። ሁለቱ መሣሪያዎች ቃሉን እያንዳንዳቸው ማወቃቸውን በሒሳብ ስሌት ይረጋገጣሉ። ስለዚህ ራውተሩ «ይህን ፊደል ተሳስተሃል» ብሎ ሊያርም አይችልም፤ የሚያውቀው ስሌቱ አለመገጣጠሙን ብቻ ነው።

በዚህ ደረጃ የሚያጋጥመው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል የፊደል ችግር ነው። የላቲን ትልቁና ትንሹ ፊደል እንደ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ይቆጠራሉ፤ ዜሮ ቁጥርና «ኦ» የተባለው ፊደል፣ 1 ቁጥርና ትንሹ «ኤል» በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተመሳስለው ይታያሉ። የሚጻፈው ቃል በነጥብ ስለሚሸፈን በሣጥኑ ጠርዝ ያለውን የዓይን ምልክት ነክቶ ቃሉን እያዩ መጻፍ የተሻለ ነው። የታብሌቱ የፊደል ገበታ በአማርኛ ላይ ተትቶ እንዳይሆንም መመልከት ያስፈልጋል። የተሳሳተ ቃል አንድ ጊዜ ከተመዘገበ ታብሌቱ ያንኑ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ እንዲህ ሲሆን የመረቡን ስም ተጭኖ በመቆየት እንዲረሳው አዝዞ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ቃሉ ከተገጣጠመ በኋላ ራውተሩ ለታብሌቱ አንድ የቁጥር አድራሻ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ 192.168.1.5 የሚል ሊሆን ይችላል። ይህ በክፍል መዝገብ ላይ ለተማሪ ከሚሰጠው ተራ ቁጥር ጋር ይመሳሰላል። ታብሌቱ አድራሻ በመቀበል ላይ ነኝ እያለ ከቆመ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ዕቅድ አውጪዎች ልብ ሊሉት የሚገባው ግን፣ በኪስ የሚያዙት ትንንሽ ራውተሮች በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱት የተወሰነ ቁጥር ያለው መሣሪያ ብቻ መሆኑን ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ሣጥን ለአንድ ክፍል ተማሪ ይበቃል ተብሎ ሊገዛ አይገባም።

ቤቱና ሞገዱ

የዋይፋይ ሞገድ በአብዛኛው በ2.4 ወይም በ5 ጊጋ ኸርዝ ነው። የመጀመሪያው የሞገድ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ የሁለተኛው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ግድግዳን አልፎ ርቆ በመሄድ ይሻላል፤ ሁለተኛው በፍጥነት ይበልጣል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል። አንድ ራውተር ሁለት ስሞች ሲያውጅ፣ በአንደኛው መጨረሻ ላይ «5ጂ» የሚል ቅጥያ ካለ ይህ ጊጋ ኸርዙን ማመልከቱ ነው፤ አምስተኛው ትውልድ ከሚባለው የሞባይል አገልግሎት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስሙ ስለሚማርክ ብቻ ብዙዎች በሩቅ ክፍል ተቀምጠው እርሱን ይመርጣሉ፤ የሚሻላቸው ግን ሌላው ነበር።

መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው ከዋናው ቤት በስተጀርባ ያለውን ሰርቪስ ክፍል ነው፤ የአከራዩ ራውተር ደግሞ በሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወይም በቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ መካከል ይቀመጣል። በመካከላቸው የቆርቆሮ ግድግዳ ወይም የብረት በር ካለ ሞገዱ እንደ ብርሃን በመስተዋት ላይ ተመልሶ ይቀራል። የጭቃ ግድግዳ ከቆርቆሮ ይሻላል፤ በክረምት እርጥበት ሲገባው ግን እርሱም ሞገዱን ይመጥጣል። ማቀዝቀዣና ትልቅ መስተዋት ያለው ቁም ሣጥንም እንደዚሁ ይከልላሉ። ስለዚህ ራውተሩ ከፍ ባለ ቦታ፣ ወደ ሰርቪሱ በሚመለከት መስኮት አጠገብ ቢቀመጥ የሚገኘው ለውጥ አዲስ ታብሌት ከመግዛት ይበልጣል። ይህን አከራይን በትሕትና መጠየቅ የማይሆን ነገር አይደለም።

የውጭው መስመርና የቀኑ ነገር

ታብሌቱ ከሣጥኑ ጋር በትክክል ተገናኝቶ ገጽ የማይከፍት ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የውጭው መስመር ነው። የአገልግሎት ክፍያው አልቆ፣ መስመሩ ተቋርጦ ወይም መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ራውተሩ ገና በመነሣት ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ በዚያው መረብ በሌላ ስልክ መሞከር ነው። ይሁን እንጂ ሙከራው ዋጋ የሚኖረው የስልኩ የሞባይል ዳታ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ አለዚያ ስልኩ በሲም ካርዱ እየሠራ መረቡ ደኅና ነው የሚል የሐሰት ምስክርነት ይሰጣል። በዚች መምህርት ወንድም ቤት ይህ ሙከራ ተደርጎ መስመሩ ጤነኛ መሆኑ ተረጋግጧል።

የቀረው ቀኑ ነበር። ታብሌቷ የሚያሳየው ዘመን በእኛ አቆጣጠር ስላልሆነ መምህርቷ ስሕተት መስሏት በእጇ «ሐምሌ 2017» እንዲል አድርጋ አስተካክላዋለች። ዕቃው የሚቆጥረው ግን በአውሮፓውያን ዘመን ነው። በዚያ ወር ለእርሱ ትክክለኛው ዓመት 2025 ነበር፤ ስለዚህ ታብሌቱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ተቀመጠ። በጥገና ቤቱም ሁሉ ነገር ከተደመሰሰ በኋላ፣ ባለሙያው ለደንበኛው አስቦ ያንኑ ቀን መልሶ ሞላላት።

ቀን ኢንተርኔትን እንዴት ሊዘጋ ይችላል? ምስጢራዊነቱ የተጠበቀ ገጽ ሁሉ በተከፈተ ቁጥር ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ሰነድ ለታብሌቱ ያቀርባል። ሰነዱ እንደ መታወቂያ ወረቀት የሚጸናበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ በዚያን ጊዜም ዕድሜው ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ገደማ ነበር። ራሱን በ2017 የሚያገኝ ታብሌት በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ሲቀርብለት ገና ያልተወለደ ሰው ወረቀት ይሆንበታልና አልቀበልም ይላል። ጥንቃቄው ትክክል ነው፤ ስሕተቱ በቀኑ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ያውም ስለ ግል ምስጢር አደጋ በሚናገር ቃል በመሆኑ፣ ያነበበው ሰው ወደ ቀኑ የሚመለከትበት ምክንያት አያገኝም።

መፍትሔው በማስተካከያው ገጽ ቀንና ሰዓት ራሱ እንዲሞላ የሚያዝዘውን ምልክት ማብራት ነው። ታብሌቱ ሰዓቱን ከመረቡ የሚቀበልበት መንገድ መታወቂያ ስለማይጠይቅ፣ ገጾች ባይከፈቱም ቀኑ ሊታረም ይችላል። የእኛን ዘመን ማየት የሚፈልግ ሰው የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ለብቻው ይጫን እንጂ የመሣሪያውን ቀን አይንካ። ይህ ስሕተት በሌላ አገር በታተመ የመመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ሰባት ስምንት ዓመት የሚለያይ ሁለት ዘመን ይዞ የሚኖረው የእኛ መምህር ነውና ልናስተምረው የሚገባን እኛው ነን።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጥ?

በኮሌጃችን ቀድሞ ይታደል የነበረው ጽሑፍ ግንኙነቱን በዘጠኝ ተራ ቁጥሮችና በሥዕል የሚያሳይ ነበር። ያዘጋጀው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስለ ሆነ ጉድለቱን ለመናገር መብት ይኖረዋል። ሥዕሎቹ ከአንድ ዓይነት ታብሌት የተወሰዱ ስለነበሩ፣ ሌላ ዓይነት ታብሌት የያዘ ሠልጣኝ ሁለተኛው ተራ ቁጥር ላይ ይቆም ነበር። ከዚህም የባሰው ጽሑፉ ሁሉ ነገር ሲሳካ የሚሆነውን እንጂ ሳይሳካ የሚጠየቀውን አለማስተማሩ ነው።

አሁን የምንሞክረው ከዚህ ይለያል። ሠልጣኞች በስድስት በስድስት ሆነው አንድ ራውተርና የየራሳቸውን ታብሌት ይይዛሉ። አሠልጣኙ እነርሱ ሳያዩ አንድ ነገር ያበላሻል፤ የይለፍ ቃሉን ይቀይራል፣ የውጭውን መስመር ይነቅላል፣ የአንዱን ታብሌት ቀን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ወይም ራውተሩን በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፋል። ሠልጣኙ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት ጉዳቱ በየትኛው እርምጃ ላይ እንደ ሆነና ከምን እንደ ተረዳው በቃል እንዲናገር ይጠየቃል። የመረቡ ስም ይታያል ወይ? «ተገናኝቷል» ይላል ወይ? የሞባይል ዳታው የተዘጋ ሌላ ስልክ ይከፍታል ወይ? ዛሬ በታብሌቱ ላይ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይሰጥ ማንም ሰው ታብሌቱን ለማስደምሰስ እንዳይወስድ፣ ከመውሰዱም በፊት ማስታወሻውን ወደ ሌላ ቦታ እንዲገለብጥ እናሳስባለን።

ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች አንድ ነገር እንጨምር። ከእነዚህ ልምምዶች አብዛኞቹ የሚከፈልበት የኢንተርኔት መስመር አይጠይቁም፤ የስሙ፣ የይለፍ ቃሉ፣ የአድራሻውና የግድግዳው ትምህርት መስመር በሌለው ራውተርና በኤሌክትሪክ ብቻ ይከናወናል። መጻሕፍትና መምሪያዎች የተከማቹበት አንድ ኮምፒዩተር ከዚያው ራውተር ጋር ቢያያዝ ደግሞ ታብሌቶቹ ከውጭው ዓለም ጋር ሳይገናኙ ከእርሱ ሊያነቡ ይችላሉ። መስመር ባልደረሰባቸው ወረዳዎች ላሉ ትምህርት ቤቶች በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ይመስለናል። መምህርቷ የጠፋባትን የምልከታ ማስታወሻ ከተመለከተቻቸው መምህራን የትምህርት ዕቅዶች በመነሣት እንደገና ጽፋ በነሐሴ አስረክባለች፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም።