የሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር ባቡር

ጋይንት ውስጥ «ባቡር» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው የእህል ወፍጮ ነው። ስለዚህ የሰባት ዓመቱ ልጃችን በ2015 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነፋስ መውጫ እናቴ ቤት እንደ ገባ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «እማማ፣ አጎቴ ከአሜሪካ ባቡር ላከልኝ!» ሲላት እናቴ ግራ ገባት። «ምን ይሠራልሃል ልጄ? እዚህ ታች ሰፈር ሁለት ባቡር አለ እኮ። ወረፋውም እንደ ድሮው አይደለም» አለችው። እኔና እህቴ በሳቅ ፈረስን። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ካርቶኑን ከፍቶ ጥቁሩን ሎኮሞቲቭ በሁለት እጁ ይዞ አሳያት።

ባለቤቴም አልሳቀችም። የእርሷ ምክንያት ሌላ ነበር፤ እመጣበታለሁ።

የልጃችንን ልብ የሰረቀው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ለብዙዎቻችን ወደ ሥራ መሄጃ ሲሆን ለእርሱ ግን የቅዳሜ መዝናኛው ነበር። ከስታዲየም ተሳፍረን አያት ድረስ እንሄዳለን፤ ሳንወርድ ማለት ይቻላል ተመልሰን እንመጣለን። አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ ለገሀር አወርደውና ከአንበሳው ሐውልት ሥር ቆመን የድሮውን ጣቢያ እናያለን። ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 መዘርጋት የጀመረው ሐዲድ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 እንደ ደረሰ፣ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር እንደ ነበር ነግሬዋለሁ። እርሱ የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፦ «አሁን ባቡሩ የት ሄደ?»

የባለቤቴ ወንድም ከአሜሪካ ደውሎ ለልጁ ምን ልላክለት ሲለኝ ሳላስብ «ባቡር» አልኩት። መርካቶም ፒያሳም ዞሬ ነበር። ያገኘሁት ሁሉ በባትሪ የሚሠራ የፕላስቲክ ባቡር ነው። ዋጋው አይጎዳም፤ ነገር ግን አንዱን ገዝቼለት ሳምንት ሳይሞላው ጎማው ወለቀ፣ ሁለተኛው ሐዲዱ ተሰበረ። ወላጆች ይህን ታውቁታላችሁ። በዓመት አምስት ርካሽ መጫወቻ የሚገዛ አባት የአንድ ደኅና መጫወቻ ዋጋ ሳያውቀው ያወጣል። እኔም ለራሴ የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ሰው ሊያደርገው ለፈለገው ነገር ምክንያት አያጣም።

ርካሹ፣ መካከለኛውና ውዱ

ሞዴል ባቡር የሚባለው እውነተኛው ባቡር በልክ ተቀንሶ የሚሠራ ነው። በዓለም በብዛት የሚሸጠው ከእውነተኛው 87 ጊዜ የሚያንሰው፣ ኤች ኦ የሚሉት ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን የሚባለው ደግሞ 160 ጊዜ ያንሳል፤ ስፋቱም 9 ሚሊ ሜትር ነው። ለልጅ እጅ የመጀመሪያው ይሻላል። ሒሳቡን ከልጄ ጋር ሠርተነዋል፦ መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመርም ሆነ የከተማው ቀላል ባቡር የሐዲዳቸው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 16.5 ይመጣል። የድሮው የለገሀር ባቡር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ስለ ነበር እርሱን በዚሁ ልክ ለመሥራት 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሌላ ጠባብ ሐዲድ ያስፈልጋል። ልጁ በዚህ አዘነ፤ እርሱ የፈለገው የለገሀሩን ነበር።

ዋጋን በተመለከተ፣ ለጀማሪ የሚሆን ሎኮሞቲቭ ብቻውን ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል። ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ዶላር ያለው መካከለኛው ነው። እንደ እውነተኛው የሚጮኸውና በዲጂታል መቆጣጠሪያ የሚነዳው ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ከነሐስ በእጅ የሚሠራው ከሺህ ዶላር ያልፋል። የርካሹና የመካከለኛው ልዩነት ከቀለሙ ይልቅ በሆዱ ውስጥ ነው። መካከለኛው ከባድ ነው፤ ውስጡ ብረት ስላለው ሐዲዱን ቆንጥጦ ይይዛል። ኤሌክትሪክ የሚቀበለው በሁሉም ጎማዎቹ ስለሆነ ሐዲዱ ላይ ትንሽ አቧራ ቢኖር ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሞተሩ ላይ የተገጠመው ከባድ መሽከርከሪያ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ቢቋረጥ እንኳ ባቡሩን ወደፊት ይገፋዋል። ከሁሉም በላይ ይፈታል፣ ይጠገናል። ርካሹ ሲሞት ሞተ ነው።

የኛው 140 ዶላር ነበር። የባለቤቴ ወንድም ለማግኘት ብዙ ደክሟል። ፋብሪካዎቹ፣ አብዛኞቹ ዛሬ ቻይና ውስጥ የሚያሠሩ፣ አንድን ዓይነት ሎኮሞቲቭ ዓመቱን ሙሉ አያመርቱም። የተወሰነ ቁጥር ይሠራሉ፤ ያ ካለቀ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ነው። ቀድሞ ያላዘዘ ያገለገለ ይፈልጋል። ያገለገለ መግዛት መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ልጆቻቸው የማይፈልጉትን የሽማግሌዎች ስብስብ የሚሸጡ ስለ በዙ ብዙው ከተገዛበት ዋጋ በታች ይሸጣል። «ነገ ዋጋው ይጨምራል» ብሎ ሞዴል ባቡር የሚገዛ ሰው ራሱን ያታልላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1859 የተመሠረተው የጀርመኑ ማርክሊን የራሱ የኤሌክትሪክ አሠራር አለው። የእርሱን ሎኮሞቲቭ ሌሎቹ በሚሄዱበት ባለ ሁለት መስመር ሐዲድ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከአማች አፍ የተሰማ

አሁን ወደ ባለቤቴ ልመለስ። 140 ዶላር በጊዜው በባንክ ምንዛሪ 7,500 ብር ገደማ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ገንዘቡን አልፈልግም ቢለኝም እኔ እምቢ ብዬ ለእናቱ እንድሰጥለት ተስማማን። እናቱ የሚኖሩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። (ለማያውቁ አንባቢያን፣ ስሙ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችንን ይመስላል እንጂ የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። እዚያ ስደውል ቢሮ የደወልኩ የሚመስላቸው ወዳጆች አሉኝ።) ገንዘቡን የላክሁት ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ብለን ካስቀመጥነው ላይ ነው። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ቀስ ብዬ እተካዋለሁ ብዬ ነበር።

ወደ ጋይንት ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን አማቴ ደወሉ። ባለቤቴ ነበረች ያነሳችው። «ልጄ፣ ያ ባልሽ ይባረክ፤ የላከልኝ ገንዘብ ደርሶኛል» አሏት። ስልኩን ዘግታ አየችኝ። ያን አስተያየት ያገባ ሁሉ ያውቀዋል።

«ዋጋው አይደለም የከፋኝ» አለችኝ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ። «ብትነግረኝ እሺ እል ይሆናል፤ ላልልም እችላለሁ። ግን ከእናቴ አፍ ነው የሰማሁት። እናቴ እኔ አብሬ የላክሁት መስሏት ነው ያመሰገነችኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ምስጋናውን ተቀበልኩ። አንተ እኔንም ዋሾ አደረግኸኝ።»

መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ተጀምሮ ደብረ ታቦር ድረስ የዘለቀ ዝምታ ነበር። ልጁ ከኋላ ወንበር ላይ ካርቶኑን አቅፎ ተኝቷል።

ነፋስ መውጫ የደረሰብን ደግሞ የባሰ ነው። እናቴ፣ እህቴ፣ የእህቴ ልጆች፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ተሰብስበው ሐዲዱን ክብ አድርገን ዘረጋን፤ ትራንስፎርመሩን ሰካሁት። የአሜሪካ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ መሆኑን፣ የእኛ መብራት 220 ቮልት መሆኑን ረስቼ። ባቡሩ አንድ እርምጃ እንኳ አልተነቃነቀም። ትራንስፎርመሩ ጢስ አወጣ፣ ከዚያም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። እናቴ «በኢየሱስ ስም!» አለች። ልጁ ማልቀስ እንኳ አቃተው። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ስትልኩ ጀርባው ላይ «ከ100 እስከ 240» የሚል መኖሩን እባካችሁ እዩ።

ሴባስቶፖል ያለፈበት መንገድ

ያን ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን የአባቴ ታናሽ ወንድም ልጆቹን ለማጽናናት ሌላ ከባድ ነገር በዚህ አገር እንዴት እንዳለፈ ያወራላቸው ጀመር። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ በባዝል አቅራቢያ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡት ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ባልንጀሮቹ ወንጌል ለመስበክ መጥተው ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ አቅልጠው ሠሩ። ትልቁ፣ ሴባስቶፖል፣ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት አድርገው በጨጨሆና በዘቢጥ ወደ መቅደላ ሲጓዙ መድፉ በጎማ ላይ ተጭኖ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ይጎትቱት ነበር። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ ከፊቱ ይቆፈር ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ እንደ ሠሩ ይነገራል።

ልጄ ጠየቀ፦ «ባቡር ለምን አላመጡም?»

የሚገርመው፣ በዚያው ዘመቻ ባቡር መጥቶ ነበር፤ የመጣው ግን በንጉሡ ላይ ነው። እንግሊዞች በዙላ ባሕር ዳርቻ ወደ ኩማይሌ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ዘርግተው ሎኮሞቲቮቹን ከህንድ አመጡ። ጊዜ ስላልነበራቸው የመጣላቸውን ተቀበሉ፤ አሮጌና ያገለገሉ ስለ ነበሩ አስቸግረዋቸዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ ሐዲዱን ነቅለው ይዘውት ሄዱ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው አምሳያው ነው። «አዲስ አበባ ያለው ሞዴሉ ነው ማለት ነዋ!» አለ ልጄ፤ ከቃጠሎው ወዲህ መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው።

ባቡሩን ያስነሳው የእህቴ ትልቁ ልጅ ነው። የሽቦ መኪና የሚሠራ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮ አይሱዙ፣ ከቆርኪ ጎማ የሚያወጣ ልጅ ነው። «አጎቴ፣ ይሄ የሚፈልገው ስንት ነው?» አለኝ። እንዲህ ያለ ባቡር ከ12 ቮልት ያልበለጠ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይበቃዋል። ልጁ ሮጦ ከሱቅ አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ አመጣ፤ በተርታ አያያዛቸው፣ ሁለቱን ሽቦ ከሐዲዱ ጋር አገናኘ። አራቱ በአንድነት ስድስት ቮልት ናቸው። ሎኮሞቲቩ ዝግ ብሎ ተነሣ። ትራንስፎርመሩ ቀድሞ በመቃጠሉ ሞተሩ ተርፎ ኖሯል። ሽቦዎቹን ሲያገላብጣቸው ባቡሩ ወደ ኋላ ሄደ፤ ቤቱ ጩኸት በጩኸት ሆነ። በማግስቱ ጓሮ ውስጥ ከጭቃ ድልድይ፣ ከማሽላ አገዳ ጣቢያ ተሠራ። ጣቢያዎቹን ልጆቹ ራሳቸው ሰየሙ፦ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ። ባለቤቴ የእስቴን ጣቢያ ለመሥራት አብራቸው ጭቃ ስታቦካ አየኋት። ቀና ብላ «የእናቴ አገር ላይ ባቡሩ ይቆማል፤ ብሯን ተቀብላለቻ» አለችኝ። ከአዲስ አበባ ወዲህ ያወራችኝ የመጀመሪያው ረዘም ያለ ንግግር ያ ነበር።

አዲስ አበባ ስንመለስ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ከኪሴ በየወሩ 750 ብር ልመልስ ተስማማሁ፤ ከጥር እስከ ጥቅምት አሥር ወር። መስከረም ሲደርስ ገና 1,500 ብር ይጎድል ስለ ነበር እርሷ ከዕቁቧ ሞላችው፤ ይህንንም ደብተሩ ላይ ጽፋዋለች። የመጨረሻውን 750 ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ሰጥቻታለሁ። ዛሬ ቢሆን አልችለውም ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያው ሎኮሞቲቭ ዛሬ ከጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ በላይ ነው። እናቴ በበግ ትቆጥረዋለች፤ ሒሳቡን ብነግራት የምትለውን ስለማውቅ አልነገርኳትም።

ለፋሲካ እንመለሳለን ብለን ሐዲዱንና ድንጋዮቹን ለእህቴ ልጆች ትተን ሎኮሞቲቩን ብቻ ይዘን ነበር የመጣነው። አንዳቸው ያለ ሌላው እንዳይጫወቱ ልጆቹ የተስማሙበት ዘዴ ነው። ፋሲካው ሳይመቸን አለፈ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት አልሄድንም። ሎኮሞቲቩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። እናቴ በደወለች ቁጥር ከሰላምታው ቀጥላ ልጁን ትጠይቀዋለች፦

«ባቡሩ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው እማማ። ያንቺስ?»

«የኔው ናፍጣ የለም ብሎ ሦስት ቀን ቆሟል» ትለዋለች። «እህሉን ተሸክመን ታች ሰፈር ነው የምንሄደው።»